ሳይጋቡ ያመለከቱ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ በርሚንግሃም የአንድ ቪዛ ጉዳይ

እሷ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። እሱ የመንዝ ልጅ ነው። እንግሊዝ አገር ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዜግነቱን እዚያው አግኝቶ በርሚንግሃም ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። አልተጋቡም። ለቪዛ ያመለከቱትም እንዳልተጋቡ ጥንዶች ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ ተመታ፣ ሁለተኛው አለፈ።

እኔ እዚሁ ከተማ የትርጉምና የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ወረቀታቸው እጄ የገባው ከመጀመሪያው ክልከላ በኋላ ነው። ጉዳዩን እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ጥቃቅን ነገሮችን ግን ትቻለሁ።

ከብዙ ጉዳይ ይህን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ሰው ቪዛ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ "ምን ወረቀት ላሠራ?" የሚል ነው። እነዚህን ልጆች የጎዳቸው ለቪዛ ተብሎ የተሠራው ወረቀት ነው። ያዳናቸው ደግሞ ማንም ቪዛ ሳያስብ በፊት የተጻፈው።

ለምን አልተጋቡም?

ጉዳዩን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው። "ምን ያስቸግራል? ሄዶ ቀለበት ማሰር ነው!"

ያስቸግራል። ልጅቷ ቀደም ሲል ባል ነበራት። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረሰች መንዝ ውስጥ በወግ ተድራ ነበር። ትዳሩ አልሰመረም። በ2009 ዓ.ም. ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ያለቻቸውን ንብረት ተካፍለው ተለያዩ። አንድ ገጽ የመለያያ ውል አላት። ሁለት ሽማግሌዎች ፈርመውበታል፣ ሦስተኛው በአውራ ጣቱ አትሞበታል። በአገሬው ዓይን ነገሩ ያን ቀን አለቀ።

በሕግ ግን አላለቀም። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያካፍላል፤ ጋብቻ ማፍረስ አይችልም። የቀድሞ ባሏ ደግሞ አረብ አገር ሄዶ አድራሻው ጠፍቷል። የፍቺ ክስ ሲከፈት መጥሪያ የሚቀበል ሰው የለም። ከዚያ በጋዜጣ ጥሪ ነው፣ ከዚያ ቀጠሮ፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ። ያ ሳያልቅ ብትጋባ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ይሆናል። ይህ ደግሞ ጋብቻውን ከማፍረስ አልፎ በወንጀል ያስጠይቃል።

ስለዚህ የባልና ሚስት ቪዛው በር ለጊዜው ዝግ ነበር። የእጮኛ ቪዛም አልሆናቸውም። ይህ ቪዛ የሚሰጠው ለ6 ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንግሊዝ ደርሶ መጋባት ያስፈልጋል፣ መሥራት አይቻልም፣ ከሠርጉ በኋላ ደግሞ እንደገና ማመልከትና እንደገና መክፈል አለ። ፍቺዋ በ6 ወር ውስጥ እንደሚያልቅ ማን ዋስ ይሁናት?

የቀረው ያልተጋቡ ጥንዶች መንገድ ነው። የሚገርመው ለእሷ ሁኔታ የተሰፋ የሚመስለውም እሱ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው የቀድሞው ግንኙነት ላይመለስ የፈረሰ መሆኑን ነው። የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ግንኙነቱ በእርግጥ ማብቃቱን ማሳየት ከተቻለ ያስኬዳል።

ሌላም የረዳቸው ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ያልተጋቡ ጥንዶችን "ቢያንስ ሁለት ዓመት አብራችሁ ኑሩ" ይል ነበር። እሱ በርሚንግሃም፣ እሷ ደብረ ብርሃን ሆነው ይህ የማይሞከር ነው። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31፣ 2024 ጀምሮ ግን ሕጉ ተለወጠ። አሁን የሚፈለገው ትዳር የመሰለ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ የጸና ግንኙነት ነው። በአንድ ቤት መኖር አሁንም ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ግዴታነቱ ግን ቀርቷል። በሥራ ወይም በባህል ምክንያት ተለያይተው የሚኖሩ ሰዎች ምክንያታቸውን አስረድተው ሌላ ማስረጃ ማቅረብ ይችላሉ። ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ አሁንም የሚዞረው የድሮው ወሬ ነው። "ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ካልኖራችሁ አትልፉ" ያላቸው ሰው አንድና ሁለት አልነበረም።

የመጀመሪያው ማመልከቻ

በሰኔ 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ሰጡት። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን የሰጣት ምክር "ያላገባች የሚል ማስረጃ አውጪ" የሚል ነበር። የፊተኛውን ትዳር ማን ያውቃል ብሎ ነው።

"ሠርጌን የበላ ሰው በሞላበት አገር ያላገባች ልባል?" አለችው።

ይህች መልስ ናት ጉዳዩን ያተረፈችው። በማመልከቻ ላይ ሐሰት መገኘቱ ለብቻው የመከልከያ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ማመልከቻም ላይ ጥላው አይለቅም። እሷ ቅጹ ላይ እውነቱን ሞላች፦ አግብታ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደተለያዩ፣ ፍቺው በፍርድ ቤት እንዳልተወሰነ።

ከዚያ ውጭ ያለው ሥራ ግን የግብር ይውጣ ነበር። የክልከላው ደብዳቤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሲመጣ አራት ነገር ይል ነበር። እኔ ሳነበው በአብዛኛው እውነቱን ነው አልኩ።

ዋናው የቀበሌው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው "ከ2014 ጀምሮ አብረው እየኖሩ የሚገኙ" ይላል። ተርጓሚው 2014ን እንዳለ 2014 ብሎ አስቀመጠው። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ መሆኑን የሚነግር አንድ ቃል የለም። አሁን ቪዛውን በሚወስነው በእንግሊዙ መኮንን ቦታ ሆናችሁ አንብቡት። ሴትየዋ በራሷ ቅጽ ላይ ከቀድሞ ባሏ የተለያየችው በ2017 ነው ትላለች። መንግሥት ማኅተም ያደረገበት ወረቀት ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ከሌላ ሰው ጋር ትኖራለች ይላል። ወይ ሴትየዋ ለሦስት ዓመት ሁለት ባል ነበራት፣ ወይ ደብዳቤው ውሸት ነው። መኮንኑ ሁለተኛውን መረጠ። ደግሞስ እንዴት አብረው ይኖራሉ? የሰውየው የደመወዝ ወረቀት በየወሩ በርሚንግሃም መሆኑን ይመሰክራል።

ሁለተኛው ቻቱ ነው። ብዙ መቶ ገጽ የስልክ ምስል አስገብተዋል። አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ነው፣ አልተተረጎመም። ማን ያንብበው? መኮንኑ ያነበበው ቀኑን ብቻ ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ ደግሞ ለብዙ ወራት ምንም የለም። "ግንኙነቱ የተቋረጠ ይመስላል" አለ።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። እረዳታለሁ ይላል፣ በእሱ ስም ወደ እሷ የገባ ብር ግን የለም። አራተኛው ፎቶው። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ልብስ፣ በአንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ የተነሱ ናቸው። "ለፕሮሰስ ተነሱ" ተብለው የተነሱት መሆኑ ከፊታቸው ይነበባል።

ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር። ውጭ ሆኖ ለሚያመለክት ሰው 28 ቀን ይሰጣል፣ በችሎት ለሚታይ ይግባኝ 140 ፓውንድ ያስከፍላል። እሱ ደሙ ፈልቶ ይግባኝ ካልኩ ሲል ነበር። እንግሊዝ አገር ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ግን ቀጠሮው ብዙ ወራት እንደሚወስድና ጉድለቱ የማስረጃ ስለሆነ አዲስ ማመልከቻ እንደሚሻል ነገረው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ያንን ፋይል ይዞ ዳኛ ፊት መቆም ያንኑ 2014 እንደገና ማስነበብ ነው።

ቀበሌ

ሥራችንን የጀመርነው ከቀበሌው ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ደህና ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ የተዘጋጀ ደብዳቤ አለው፤ "ለሚመለከተው ሁሉ" ብሎ ይጀምራል፣ ስምና ዓመት ብቻ ይቀየርበታል።

"እህቴ፣ እኛ አብረው ይኖራሉ ነው የምንለው። ሌላ ፎርማት የለንም" አላት።

"እሱ እኮ እንግሊዝ ነው ያለው።"

"ይመጣ የለ እንዴ?"

"ይመጣል፣ ይሄዳል።"

"እንግዲያው ይኖራል ማለት ነዋ!"

ለመርዳት ብሎ ነው። ችግሩ ያ ነው። ቀበሌው ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። መታወቂያ አላወጣም፣ ቤት አልተከራየም፣ አልተመዘገበም። ስለማያውቀው ሰው የሚመሰክር ቢሮ ስለሚያውቀውም አይታመንም። ከብዙ ልመና በኋላ ያገኘነው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነው። እሷ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ መሆኗን፣ የቤት ቁጥሯን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትኖር ይላል። ስለ እሱ ምንም አይልም። ጸሐፊው "ይሄ ምን ይጠቅማችኋል?" እያለ ነው ማኅተሙን የመታው።

በትርጉሙ ላይ እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ገባ። ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥበት ቃል፣ ስሙ፣ ፊርማው፣ ቀኑና አድራሻው ከሥር መኖር አለበት። የመጀመሪያው ትርጉም ይህም አልነበረውም።

የእድሩ መዝገብ

ከማስረጃው ሁሉ የምወደው ይህ ነው። ማንም አላሰበውም ነበር። የተገኘውም በጨዋታ መካከል ነው። ቡና እየጠጣን "እናቱ የሞቱ ጊዜ እድሩ እኮ ከፍሎኛል" አለች። እኔ ሲኒዬን አስቀመጥኩ።

በሚያዝያ 2014 እሷ የሰፈሩ እድር አባል ሆናለች። እድር ሲገባ ቤተሰብ ይመዘገባል፦ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ እናትና አባት፣ አማት። እሷ በትዳር ጓደኛ ቦታ የእሱን ስም አስጻፈች። በአማት ቦታ የእናቱን። ያን ጊዜ ቪዛ የሚባል ነገር በአሳባቸው አልነበረም። ጥር 2014 ላይ መንግሥት ዲያስፖራውን አገራችሁ ግቡ ብሎ በጠራበት ሰሞን እሱ መጥቶ ከእሷ ጋር ሰንብቶ ነበር። ጎረቤት አይቶታል፤ "ባለቤቷ" ብሎ ተቀብሎታል። ጎረቤት ካለ ደግሞ አለ ነው።

በግንቦት 2015 እናቱ መንዝ ውስጥ አረፉ። እድሩ ሰው ልኮ አጣርቶ ለአማት የሚከፈለውን ከፈለ። እሷ የተቀበለችበት ፊርማ፣ ቀኑ፣ የብሩ መጠን፣ "የባለቤቷ እናት" የሚል ቃል፣ ሁሉም በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል። እድር ገንዘብ ሲያወጣ ቀልድ አያውቅም። አማት ያልሆነችን ሴት አማት ብሎ ለመክፈል ከሰፈሩ ግማሹ መስማማት አለበት።

መዝገቡን ፎቶ ኮፒ ለማድረግ የእድሩ ዳኛ ተቸገሩ። ገጹ ላይ የሌሎች አባላት ስምና ውዝፍ አለበት።

"የሰው እዳ እንግሊዝ አገር ሄዶ ይነበብ ነው የምትሉኝ?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ነጭ ወረቀት ቆርጠን የሌሎቹን መስመር ሸፍነን፣ የእሷን መስመር ብቻ አስቀርተን አነሳነው። ጋሼ አጠገባችን ቆመው ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በጣታቸው ይዘውልን ነበር፤ ጣታቸው ኮፒው ላይ ይታያል። ሌላ እናንሳ ሲባል እምቢ አልኩ። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ወረቀት ከየት ይመጣል? ከእሱ ጋር ዳኛው እድሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚመዘገብና ለማን እንደሚከፈል የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። ይህ ማብራሪያ የግድ ነው፤ የእንግሊዝ መኮንን እድር ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል?

ከዚሁ ጋር የምትያያዝ አንዲት ፎቶ አለች። ሐምሌ 2015፣ የእናቱ ተዝካር ላይ የተነሳች ናት። ልጅቷ ጥቁር ለብሳ የእንጀራ ሌማት ተሸክማ ከጭስ ቤት ስትወጣ ነው። እሱ ከኋላዋ ለእንግዳ ጠላ እየቀዳ ነው። ሁለቱም ወደ ካሜራው አላዩም። ማን እንዳነሳትም አያውቁም፤ ከአንድ የአጎት ልጅ ስልክ ላይ ነው የተገኘችው። የሆቴሉን ግቢ ፎቶዎች አውጥተን ይህችን ከሌሎች ጥቂቶች ጋር አስገባን።

ይህ ተዝካር ሌላም ነገር አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ መንዝ ያሉት ዘመዶቹ ስለ እሷ አያውቁም ነበር። ያለ ተክሊል፣ ያለ ቁርባን፣ ፍቺዋ ሳያልቅ ከሰው ጋር መሆኗ ለእናቱ ይከብዳቸዋል ብሎ ደብቆ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ባለትዳር፣ መንዝ ላይ ማንም። መኮንኑ "ቤተሰቡ ለምን አንድም ደብዳቤ አልጻፈም?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱን እሱ ራሱ በመግለጫው ላይ ጻፈው። ነውር ነው ብሎ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር። እኔ በበኩሌ ይህን ያወጣ ሰው ማስረጃውን በእጁ እየጣለ ነው ባይ ነኝ።

አከራይዋ

እትዬ የቤቱ አከራይ ናቸው። ደብዳቤ ጻፉልን ሲባሉ "ባሏ ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ?" አሉ። የሚያውቁትን እንዲያወሩልኝ ጠየቅኋቸውና እሳቸው እያወሩ እኔ ጻፍኩ። ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ እንደመታላቸው ነገሩኝ። ሲመጣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ የት እንደሚተኛ፣ ኪራይ ማን እንደሚከፍል። አንድ ጊዜ በመብራት ቆጣሪ ሒሳብ ከእሱ ጋር ተጨቃጭቀው ሁለት ቀን መኮራረፋቸውንም ነገሩኝ።

ሳነብላቸው ቆጣሪው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። "እሱ ይቅር፣ ምን ይሉናል!"

እንዲቀር አልፈለግሁም። "ጥሩ ጥንዶች ናቸው፣ ይዋደዳሉ" የሚል ደብዳቤ የትም ይጻፋል። የመብራት ሒሳብ ጭቅጭቅ ግን ካልኖሩበት አይታሰብም። በመጨረሻ "ታርቀናል ብለህ ጨምርበት" ብለው ፈረሙ።

ኢንተርኔት የጠፋበት ዘመን

ከነሐሴ 2015 በኋላ ያለው ዝምታ እዚህ ላለ ሰው ምሥጢር አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ዋትሳፕ የለም፣ ቴሌግራም የለም። የመጀመሪያው ማመልከቻ ግን ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፈም። ለእኛ ግልጽ የሆነው ለእነሱ ግልጽ ይመስለናል።

ሰዎቹ ግን ዝም አላሉም። እሱ በቀጥታ ስልክ ይደውል ነበር። በየወሩ የስልክ ድርጅቱ የሚልክለትን ዝርዝር ሒሳብ አወረደ፤ በ251 የሚጀምረው የእሷ ቁጥር እየተደጋገመ ይታያል። ጥሪዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ውድ ስለሆነ "አለሽ? አለሁ" ተባብለው ይዘጋሉ። በወር ስንት ጊዜ እንደተደወለ በቢጫ ቀለም አሰመርንበት።

ቻቱን ደግሞ አሳጠርነው። ከየወሩ አንድ ሁለት ገጽ መረጥን፣ ያንን በሥርዓት ተረጎምን። የፍቅር ቃል የበዛበትን አልመረጥንም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና ሲቃረብ ከተማው ሲጨነቅ "ቦርሳሽን አዘጋጂ፣ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሂጂ" ያላትን መረጥን። የጥርስ ሕመሟን፣ የቤት ኪራይ ጭማሪውን፣ የክሱን ቀጠሮ የተነጋገሩበትን መረጥን። ትዳር የሚመስለው እንዲህ ያለው ወሬ ነው።

ገንዘቡ

ይህ አስቸጋሪው ነበር። እስከ 2016 ክረምት ድረስ ብዙ ሰው ብር የሚልከው በሰው ነው። ባንኩ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲይዝ ከባንክ ውጭ ያለው ገበያ እጥፍ ይጠጋ ነበር። ስለዚህ እሱ እዚያ ለአንድ ሰው ፓውንድ ይሰጣል፣ እሷ ሒሳብ ውስጥ ደግሞ የማታውቀው ሰው ብር ያስገባል። መኮንኑ የሚያየው የማይታወቁ ሰዎች ስም ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው ልዩነቱ ጠበበ፣ እሱም በሕጋዊ መንገድ መላክ ጀመረ። በሁለተኛው ማመልከቻ ጊዜ የወራት ደረሰኝ ነበረው፣ በእሱ ስም፣ ወደ እሷ ስም።

የፊተኛው ዘመን ብርስ? ማስረጃ የሌለው ነገር ማስረጃ አይሠራለትም። ተውነው። በምትኩ እሱ ራሱ የረሳው ወረቀት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 የመሥሪያ ቤቱ ጡረታ ላይ "ብሞት ለማን ይሰጥ?" የሚል ቅጽ ሞልቶ ነበር። የእሷን ስም ጽፏል፣ "አጋሬ" ብሎ። አንድ ሰው የሞቱን ገንዘብ ለማን እንደሚተው በጨዋታ አይጽፍም።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ደመወዙ በዓመት ከ29,000 ፓውንድ በላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 11፣ 2024 ወዲህ የሚፈለገው ያ ነው። የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀትና የባንክ መግለጫ ተያይዟል፣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ። የሚኖርበት ቤት ለሁለት ይበቃል። እሷ በእንግሊዝኛ የምታስተምር መምህርት ሆና የጀማሪውን የኤ1 የመናገርና የማዳመጥ ፈተና ወስዳለች፤ ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። ያ ውጤት ለሁለት ዓመት ስለሚሠራ እንደገና አልተፈተነችም። የቲቢ ምርመራው ግን የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ወርዳ በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ክሊኒክ እንደገና ተመረመረች። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ ይከፈት ይዘጋ ስለማይታወቅ ለምርመራውም ለአሻራውም ቀድማ ወርዳ ዘመድ ቤት ነው ያደረችው።

የቀድሞው ትዳር ደግሞ ተሸፋፍኖ አልገባም። የሽማግሌዎቹ ውል ከነአውራ ጣት አሻራው ተተረጎመ። የፍቺ ክሱ መከፈቱን የሚያሳየው የፍርድ ቤት ወረቀት ተያያዘ። በራሷ መግለጫ ላይ አንድ አንቀጽ ጻፈች፦ መቼ እንዳገባች፣ መቼ እንደተለያየች፣ ፍቺው ለምን እንደዘገየ። ከዚያ በላይ አላብራራችም፣ አያስፈልግምም ነበር።

ውጤቱ

ሁለተኛው ማመልከቻ የገባው በግንቦት 2017 ነው። መጀመሪያ ሲያመለክቱ ክፍያው 1,846 ፓውንድ ነበር፤ ያ ሲከለከሉ አይመለስም፣ የተመለሰላቸው ከቪዛው ጋር አብሮ የሚከፈለው የጤና ክፍያ ብቻ ነው። በመሐል ዋጋው ጨምሮ 1,938 ሆኖ ነበር። የጤናው በዓመት 1,035 ሆኖ ለሦስት ዓመት ይታሰባል፣ 3,105። ሁለቱ አንድ ላይ 5,043 ፓውንድ ነበር። እሱ የአውቶቡሱን የእሑድ ፈረቃ ሁሉ እየወሰደ ነው ያጠራቀመው።

ጥቅምት 2018 ላይ ተፈቀደላት። የውሳኔው ደብዳቤ አጭር ነው፤ ምክንያት አይዘረዝርም። የትኛው ወረቀት እንዳሳመነ የሚነግር መስመር የለበትም። እኔ የእድሩ መዝገብ ነው እላለሁ፤ እሱ የጡረታው ቅጽ ነው ይላል።

የተሰጣት 33 ወር ነው፤ መሥራት ትችላለች። ከማለቁ በፊት ማራዘም አለ፣ ለዚያም ከኤ1 ከፍ የሚለው የኤ2 እንግሊዝኛና እንደገና ማስረጃ። አሁን አንድ ቤት ስለሚኖሩ የሚፈለገው ሌላ ነው፤ በሁለቱም ስም የሚመጣ የውኃ፣ የመብራትና የካውንስል ታክስ (የአካባቢው አስተዳደር የሚሰበስበው የቤት ግብር) ደብዳቤ። እሱ ከገባች በመጀመሪያው ሳምንት ስሟን በኪራይ ውሉ ላይ አስገብቷል። የፍቺው ክስ ገና አልተወሰነም። ጉዳዩን እንዲከታተልላት ለወንድሟ ውክልና ሰጥታ ነው የሄደችው።